ሰርቨሩ እየሠራ «ዲስክ ሊበላሽ ነው» ሲል

ጥያቄ፦ የመሥሪያ ቤታችን ሰርቨር በሬይድ 5 (አንዱ ዲስክ ቢጠፋ መረጃው ከቀሩት መልሶ እንዲገኝ በሚያደርግ አሠራር) የተያያዙ አራት ዲስኮች አሉት። ሰሞኑን የአንዱ መብራት ብርቱካናማ ሆኖ «ዲስኩ ሊበላሽ ይችላል» የሚል መልእክት መጣ። ሥራው ግን አልተቋረጠም። አዲሱ በጀት እስኪለቀቅ ብንጠብቅስ?

መልስ፦ አይጠብቁ። መልእክቱ የሚመጣው ዲስኩ ራሱን ሲመረምር ስህተቶቹ ከተወሰነለት ገደብ ሲያልፉ ነው፤ ለሳምንታት ሊሠራ፣ ዛሬ ማታም ሊቆም ይችላል። ሬይድ 5 የሚችለው የአንድ ዲስክን መጥፋት ብቻ ነው። ሁለተኛው ከተከተለ መረጃው ሁሉ ይሄዳል።

መጀመሪያ ባክአፕ (በሌላ ቦታ የሚቀመጥ የመረጃው ቅጂ) ይውሰዱ፤ ጥቂት ፋይሎች መልሰው ከፍተውም ያረጋግጡ። ከዚያ የቀሩትን ሦስት ዲስኮች የስህተት መዝገብ ይመልከቱ። አዲሱ ዲስክ ሲሞላ እነርሱ ከዳር እስከ ዳር ስለሚነበቡ የተደበቀ ጉዳታቸው የሚወጣው ያኔ ነው። ተተኪው በዓይነቱ ተመሳሳይ፣ በመጠኑ እኩል ወይም የሚበልጥ ይሁን።

ብዙ ጉዳት የሚያደርሰው ደህናውን ዲስክ መንቀል ነው። ቁጥሩ አብዛኛውን ጊዜ ከ0 ስለሚጀምር «ዲስክ 2» ሦስተኛው ነው። ስለዚህ ከዲስኮቹ መቆጣጠሪያ ሶፍትዌር የሚቀየረውን ዲስክ መብራት ብልጭ ድርግም ያስደርጉት፤ ዲስኩን ከሥራ ያስወጡት፤ ጥቂት ስበው መሽከርከሩ እስኪቆም ግማሽ ደቂቃ ያህል ይጠብቁና ያውጡት፤ በቦታው አዲሱን ያስገቡ። መረጃውን በአዲሱ ላይ መልሶ መገንባቱ ሰዓታት ይወስዳል፤ እስኪያልቅ ሌላ ዲስክ አይንኩ።