ጥያቄና መልስ፦ ስዊቸሩን በጽሑፍ ማዘዝ

ባለፈው ስለ ቪዲዮ ማትሪክስ ስዊቸር፣ ማለትም ከብዙ ምንጭ (ኢንፑት) የሚመጣን ምስልና ድምፅ ወደ ፈለግነው ስክሪን (አውትፑት) ስለሚያደርስ ማሽን፣ ነካ አድርጌ ካለፍኩ ወዲህ ጥያቄው በርክቷል። የተወሰኑትን እነሆ።

«ሰላም ጋሼ። የአዳራሻችን ማትሪክስ፣ ኤክስትሮን የተባለው ኩባንያ ሥሪት፣ ያለው ፎቅ ላይ፣ ተቆልፎ ነው። ስክሪን በቀየርን ቁጥር ደረጃ መውጣት ሰለቸን። ከላፕቶፕ ማዘዝ ይቻላል?»

ይቻላል፤ ለዚያውም ያለ ልዩ ሶፍትዌር። ከጀርባው አርኤስ-232 የሚል መሰኪያ አለ። ከላፕቶፑ የሚመጣውን ገመድ እዚያ ሰክተህ ፑቲን የመሰለ፣ ጽሑፍ የሚልክና የሚቀበል ነፃ ፕሮግራም ትከፍታለህ። የፕሮግራሙን ማስተካከያ እንዲህ አድርግ፦ ፍጥነቱ 9600፣ ዳታ ቢት 8፣ ፓሪቲ የለም፣ ስቶፕ ቢት 1። ከዚያ 2*3! ብለህ ትጽፋለህ። ኢንፑት 2 ወደ አውትፑት 3 ሄደ፣ ምስሉም ድምፁም። ኢንተር መጫን እንኳ አያስፈልግም። ድምፁን ብቻ ከፈለግህ በቃለ አጋኖው ቦታ $ አድርግ። 2*! ካልክ ኢንፑት 2 በሁሉም ስክሪን ይወጣል። 0*3! ደግሞ አውትፑት 3ን ባዶ ያደርገዋል።

ትልቁ ነገር ግን ማሽኑ መልስ መስጠቱ ነው። ትዕዛዙን ከተቀበለ «አውት3 ኢን2 ኦል» ይልሃል። ካልተቀበለም ዝም አይልም። ኢ01 ካለ የሌለ ኢንፑት ጠርተሃል፣ ኢ12 ካለ የሌለ አውትፑት፣ ኢ10 ካለ ደግሞ ትዕዛዙን ጭራሽ አላወቀውም። ስንቱ ስክሪኑ ላይ አፍጥጦ «ማሽኑ ተበላሽቷል» ይላል መሰለህ! መልሱ እኮ ላፕቶፑ ላይ ተጽፎ ቁጭ ብሏል።

«ዱባይ፣ ሆቴል ውስጥ ነው የምሠራው። ምንም ብጽፍ መልስ የለም።»

እኔም በዚህ ግማሽ ቀን አቃጥያለሁ፤ ጥፋቱ የገመዴ ነበር። ባለ 9 ፒኑ መሰኪያ ላይ የምትፈልገው ሦስቱን ብቻ ነው፦ 2 እና 3 (መላኪያና መቀበያ) እንዲሁም 5 (ግራውንድ)። ገመዱን ከማሽኑ ንቀልና በዚያኛው ጫፍ 2ን እና 3ን በአጭር ሽቦ አገናኝ። አሁን ጻፍ። የጻፍከው ተመልሶ ከመጣ ላፕቶፑም ገመዱም ደህና ናቸው። ማሽኑ ላይ ስትሰካው አሁንም ዝም ካለ፣ መላኪያና መቀበያው ፊት ለፊት አልተገናኙም ማለት ነው፤ 2ን እና 3ን አዟዙራቸው። ግራ የገባው ምልክት ከተዥጎደጎደ ግን ችግሩ ፍጥነቱ ነው። ኤክስትሮን ከሆነ ለሙከራ የእንግሊዝኛዋን ፊደል ኪው ብቻ ላክ። የሶፍትዌሩን ቁጥር ይነግርሃል፣ ምንም አይቀይርም።

«ያንኑ ትዕዛዝ ክሬመር በተባለው ሌላ ኩባንያ ስዊቸር ላይ ብሞክር አልሰማ አለኝ።»

አይሰማህማ! ቋንቋቸው ለየቅል ነው። የክሬመር የትዕዛዝ ቋንቋ፣ ፕሮቶኮል 3000፣ በ# ይጀምራል፣ በኢንተር ይዘጋል፤ ፍጥነቱም ብዙ ጊዜ 115200 ነው። የድሮው ፕሮቶኮል 2000 ደግሞ ጽሑፍ አይደለም፤ እያንዳንዱ ትዕዛዝ 4 ባይት ነው። እሱ ላይ ኪቦርድ ስትቀጠቅጥ ብትውል ዋጋ የለውም።

«ብላክማጂክ ቪዲዮሃብ የሚባል ስዊቸር አለኝ፤ በኔትወርክ አዝዘዋለሁ። ሁልጊዜ የጎረቤቱን ስክሪን ይቀይርብኛል።»

ቆጠራው ከ0 ስለሚጀምር ነው። ፊቱ ላይ 1 የተባለው በትዕዛዙ 0 ነው። በፖርት 9990 በኩል ስትልክ መጨረሻ ላይ ባዶ መስመር መተው አትርሳ፤ እሷን ካላየ ሐሳብህን አልጨረስክም ብሎ ይጠብቅሃል። ከተቀበለ «አክ»፣ ካልተቀበለ «ናክ» ይላል።

«ገመዱ 40 ሜትር ቢሆንስ?»

ለአርኤስ-232 አልመክርም፤ የተለመደው ወደ 15 ሜትር ነው። ማሽኑ አርኤስ-422 (ረጅም ገመድ የሚችለው ዘመዱ) ካለው እሱን፣ ኔትወርክ ካለው እሱን ተጠቀም።

«ቅዳሜ ለፍቼ ያስቀመጥኩት የኤክስትሮን ፕሪሴት (በቁጥር የተቀመጠ አቀማመጥ) እሑድ ጠዋት ጠፋ!»

አልጠፋም፤ ራስህ ጽፈህበታል። 1 ብለህ የእንግሊዝኛ ኮማ ካስከተልክ ያለውን አቀማመጥ ፕሪሴት 1 ላይ ያስቀምጣል። 1 ብለህ ነጥብ ካስከተልክ የተቀመጠውን ይጠራል። ሁለቱ ቁልፎች ኪቦርዱ ላይ ጎን ለጎን ናቸው። እሑድ ጠዋት፣ ሰው እየገባ፣ ጣት ቢስት አይገርምም። የአማርኛ ኪቦርድህንም ዝጋው፤ ማሽኑ «፣» እና «።» የሚባል ነገር አያውቅም። መልሱ በእንግሊዝኛው ኤስ ከጀመረ አስቀምጠሃል፣ በአር ከጀመረ ጠርተሃል። ኤስ ካየህ እንግዲህ ደረጃውን ውጣ።