ከየትኛው ምዕራፍ እንጀምር? የቱስ ላይ እናቁም?

በዚህ ወር ከሰሜን ሸዋ ከደረሱን ጥያቄዎች ሦስቱ ስለ ተከታታይ ፊልሞች ስለሆኑ አንድ ላይ አቅርበናቸዋል። ዓመተ ምሕረቶቹ በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ እኔና ታናሽ ወንድሜ የምንኖረው ደብረ ብርሃን ነው። ማታ ማታ ብርዱ ከቤት ስለማያስወጣ በፍላሽ እያስጫንን ተከታታይ ፊልም እናያለን። ፊልም የሚጭንልን ልጅ ሁሉንም ምዕራፍ ካልወሰዳችሁ ታሪኩ አይገባችሁም ይለናል፤ ወንድሜም የጀመረውን ሳይጨርስ መተው አይሆንለትም። አሁን «ፕሪዝን ብሬክ» ሁለተኛው ምዕራፍ ላይ ደርሰናል። ቀጥሎ «ጌም ኦፍ ትሮንስ»ንና «ዘ ዋየር»ን ለማየት አስበናል። እኔ ግን ዘንድሮ የመመረቂያ ጽሑፍ ስላለብኝ ጊዜዬ ውስን ነው። የትኞቹን ምዕራፎች ብንመርጥ ይሻላል?

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ አንድን ተከታታይ ፊልም በጅምላ ጥሩ ነው ወይም መጥፎ ነው ማለት የተለመደ ቢሆንም፣ ምዕራፎቹ የሚጻፉት በተለያየ ጊዜ፣ አንዳንዴም በተለያዩ ሰዎች እጅና በተለያየ የገበያ ግፊት ሥር በመሆኑ እያንዳንዱ ምዕራፍ ለብቻው ሊመዘን ይገባዋል። እኔ የምመዝነው ምዕራፉ ሲጀመር ያነሣውን ጥያቄ ራሱ በመመለሱ ነው። መልሱን ለሚቀጥለው ዓመት እያሻገረ ተመልካቹን ለማቆየት ብቻ የተጻፈ ምዕራፍ፣ ተዋናዮቹ ምንም ያህል ቢወደዱ፣ የእርስዎን ምሽት ሊወስድ አይገባውም።

በዚህ መመዘኛ የ«ፕሪዝን ብሬክ» የመጀመሪያ ምዕራፍ በጣም የተዋጣለት ነው። እ.ኤ.አ. በ2005 የጀመረው ይህ ምዕራፍ 22 ክፍሎች አሉት፤ ወንድሙን ከሞት ፍርድ ለማዳን ሆን ብሎ የታሰረው መሐንዲስ ሊያመልጥ ይችላል ወይ የሚለውን አንድ ጥያቄ ይዞ ይነሣና በየክፍሉ አንድ መሰናክል እያስወገደ፣ ሌላ መሰናክል እያስቀመጠ እስከ መጨረሻው ይጓዛል። ሁለተኛው የዚያ ውጤት ነው። ያመለጡት ሰዎች እያንዳንዳቸው ምን እንደሚፈልጉ የሚታየው እዚያ ስለሆነ፣ ማሳደዱ አልፎ አልፎ ቢሰለችም ጨርሱት። ከዚያ በኋላ ግን አቁሙ። ሦስተኛው የመጀመሪያውን ሐሳብ በሌላ አገር የሚደግም ከመሆኑም በላይ፣ የአሜሪካ ጸሐፊዎች በ2007 መጨረሻ ሥራ በማቆማቸው በ13 ክፍሎች ተገድቦ ቀርቷል። አራተኛው በሴራ ላይ ሴራ እየደራረበ ሁለቱን ወንድማማቾች ያስረሳናል፤ ከዓመታት በኋላ በ2017 የመጡት 9 ክፍሎችም የተዘጋ ታሪክ ከመክፈት በቀር የጨመሩት ነገር የለም። ወንድምዎ የጀመረውን መተው እንደማይሆንለት ጽፈዋል። የሁለተኛው ምዕራፍ የመጨረሻ ደቂቃዎች ሦስተኛውን እንዲያስጭን ይገፋፉታል፤ የተጻፉትም ለዚያ ነው። ይህን አስቀድሞ ማወቁ ፍላሹን እቤት ትቶ ለመዋል ይረዳዋል ብዬ አምናለሁ።

«ጌም ኦፍ ትሮንስ»ን በተመለከተ፣ የመጀመሪያዎቹን አራት ምዕራፎች ሳትሰስቱ እዩ። ፊልሙ ከተከታታይ መጻሕፍት የተቀዳ ነው፤ የመጀመሪያው ምዕራፍ በመጀመሪያው መጽሐፍ፣ ሁለተኛው በሁለተኛው፣ ሦስተኛውና አራተኛው ደግሞ በሦስተኛው መጽሐፍ ላይ የተመሠረቱ በመሆናቸው፣ አንድ ሰው በሦስተኛው ክፍል የተናገረው ቃል ከብዙ ክፍሎች በኋላ ተመልሶ ዋጋ ሲያስከፍለው ታያላችሁ። ከስድስተኛው ምዕራፍ ጀምሮ ግን ፊልሙ የታተሙትን መጻሕፍት ቀድሞ ሄደ። ሰባተኛው 7 ክፍል፣ ስምንተኛውና የመጨረሻው 6 ክፍል ብቻ ስለሆኑ፣ ቀድሞ አንድ ሙሉ ምዕራፍ ይፈጅ የነበረ ጉዞ በአንድ ምሽት ያልቃል፤ ሰዎቹም ባሕርያቸው ሳይበስል ውሳኔያቸው ይለወጣል። ስድስተኛውን ለመጨረሻዎቹ ሁለት ክፍሎቹ ሲባል መታገሥ ይቻላል። ሰባተኛውንና ስምንተኛውን ግን ከጽሑፍዎ ጊዜ ቀንሰው እንዲያዩ አልመክርም።

«ዘ ዋየር» ከሁለቱም ይለያል። ከ2002 እስከ 2008 በ5 ምዕራፎችና በ60 ክፍሎች የቀረበው ይህ ሥራ ስለ ባልቲሞር ከተማ ነው፤ በየምዕራፉም ወደ ሌላ የከተማዋ ክፍል ይገባል። የመጀመሪያው በአደንዛዥ ዕፅ ሻጮችና በፖሊሶች፣ ሁለተኛው በወደብ ሠራተኞች፣ ሦስተኛው በፖለቲካው፣ አራተኛው በትምህርት ቤቱ፣ አምስተኛው በጋዜጣው ላይ ያተኩራል። ብዙ ሰው ሁለተኛው ላይ ይተወዋል፤ የለመዳቸውን ሰዎች ትቶ ስለማያውቃቸው ጭነት አውራጆች ማየት ስለሚከብደው ነው። እባክዎ እዚያ አይተዉት። አራተኛው ምዕራፍ በቴሌቪዥን ካየኋቸው ሥራዎች ሁሉ የላቀ ነው። አራት ታዳጊዎችን ከትምህርት ቤት ደጃፍ ይዞ ቤታቸው፣ መንገዱና መምህሮቻቸው እያንዳንዳቸውን ወዴት እንደሚወስዷቸው ያሳያል። ከዋና ጸሐፊዎቹ አንዱ የሆነው ኤድ በርንስ በከተማይቱ መጀመሪያ የፖሊስ መርማሪ፣ ኋላም መምህር የነበረ ሰው በመሆኑ፣ የክፍሉ ውስጥ ጫጫታም የመምህሩ ድካምም ከሕይወት የተቀዳ መሆኑ ያስታውቃል። ነገር ግን ወደ አራተኛው በአቋራጭ መግባት አይቻልም፤ ልጆቹ ላይ የሚወርደው ነገር ክብደቱ የሚሰማው የቀደሙትን ሦስቱን ላየ ሰው ነው። አምስተኛው ደከም ይላል፤ ቢሆንም 10 ክፍል ብቻ ስለሆነ ጨርሱት።

ስለዚህ አሁን የ«ፕሪዝን ብሬክ»ን ሁለተኛ ምዕራፍ ጨርሱ፤ «ዘ ዋየር»ን ግን ጽሑፍዎን እስኪያስረክቡ አቆዩት። የሰዎቹ አነጋገር የመንገድ እንግሊዝኛ ስለሆነ ከሥር ጽሑፍ ያለውን ቅጂ ይጠይቁ። አንድ ሰው ከላይ የሚተርክበት የትርጉም ቅጂ ለዚህ ሥራ አይሆንም፤ ግማሹ ነገር ያለው በሰዎቹ ድምፅ ውስጥ ነው።

ጥያቄ፦ መሐል ሜዳ የምኖር መምህር ነኝ። እሑድ ከእናቴና ከልጆቼ ጋር ቴሌቪዥን ስናይ ያልታሰበ ትዕይንት እየመጣ መተፋፈር ይሆናል። መብራትም ስለሚጠፋ የታሪኩ ሐረግ ይቆረጥብናል። ቤተሰብ ሳይሳቀቅ አንድ ላይ የሚያየው ምዕራፍ ይኖራል?

መልስ፦ አለ፣ ለእናንተ አካባቢ የተሠራ እስኪመስል ድረስ። ቢቢሲ በ2006 ያቀረበው «ፕላኔት ኧርዝ» 11 ክፍሎች አሉት፤ እያንዳንዱም ራሱን የቻለ ስለሆነ መብራት ቢጠፋ የሚቀርባችሁ የዚያ ክፍል ቀሪ ብቻ ነው። ከሁለተኛው፣ ስለ ተራሮች ከሚናገረው ጀምሩ። በአገራችን በኤርታሌ እሳተ ገሞራ ይጀምርና ወደ ስሜን ተራሮች ወጥቶ ጭላዳ ዝንጀሮንና ዋልያን ያሳያል። ጭላዳ ከኢትዮጵያ ደጋ በቀር በዓለም ላይ በየትም አይገኝም፤ ሣር ግጦ የሚያድር ዝንጀሮ መሆኑም ልዩ ያደርገዋል። ከመሐል ሜዳ ብዙም በማይርቀው በመንዝ ጓሳም ስለሚኖር፣ ልጆችዎ በፊልም ያዩትን መንጋ አንድ ቀን በዓይናቸው ሊያዩት ይችላሉ። ተራኪው ዴቪድ አተንቦሮ ቀስ ብሎ የሚናገር በመሆኑ እርስዎ ለእናትዎ በአማርኛ እየነገሩ ለማየት አይቸገሩም። በ2016 የወጣው «ፕላኔት ኧርዝ 2» 6 ክፍል ነው፤ እርሱንም ያለ ሥጋት ማስከተል ይቻላል። ከላይ የተነሣውን «ጌም ኦፍ ትሮንስ» ግን ከየትኛውም ምዕራፉ አንድም ክፍል በእናትዎ ፊት እንዳይከፍቱ አደራ እላለሁ።

ጥያቄ፦ ከሸዋ ሮቢት። የቱርክ ድራማዎች ምዕራፋቸው ለምን አያልቅም? የትኛውን ምዕራፍ ይመርጡልኛል?

መልስ፦ በቱርክ አንድ ክፍል በሳምንት አንድ ጊዜ የሚቀርብ ሆኖ ሁለት ሰዓት ገደማ ይረዝማል። ወደ ውጭ ሲሸጥ እየተቆራረጠ አጫጭር ክፍሎች ስለሚሆን፣ በአገሩ ሠላሳ ምናምን ክፍል የነበረው አንድ ምዕራፍ እኛ ዘንድ ሲደርስ ከመቶ ሊበልጥ ይችላል። በ2017 የዓለም አቀፉን ኤሚ ሽልማት ያገኘው «ካራ ሴቭዳ» እንኳ በአገሩ በሁለት ምዕራፍና በ74 ክፍሎች ያለቀ ነው። ከዚህም ሌላ ጽሑፉ የሚቀጥለው ተመልካች እስካለ ድረስ ነው፤ ሲበዛ ይለጠጣል፣ ሲያንስ በድንገት ይቆረጣል። ስለዚህ ምዕራፍ ከመምረጥ ይልቅ፣ በሁለት ምዕራፍ የተጠናቀቀና መጨረሻው የታወቀ ሥራ ቢመርጡ ይሻላል፤ ገና እየተሠራ ያለውን እስኪያልቅ ይጠብቁት።