የልጅ አንገት አይቸኮልበትም

ሰሞኑን አዘዞ የሚያስተምር አንድ ወጣት የስፖርት መምህር ደወለልኝ። «ጋሼ፣ አንድ ተማሪዬ ወደፊት ሲንከባለል አገጩን አላጥፍ ብሎ አስቸገረኝ። አናቱን ነው የሚተክለው። አንገቱን ጫን ላድርግለት?»

አይሆንም። ለምን እንደማይሆን ግን በስልክ የሚያልቅ ስላልሆነ፣ ለእሱም ለእናንተም ልጻፈው።

ማስተማር የጀመርኩ ሰሞን፣ እዚሁ ጎንደር፣ አንዲት የአራተኛ ክፍል ልጅ ነበረች። በእረፍት ሰዓት እጇን መሬት ላይ ተክላ እንደ ጎማ ስትሽከረከር ግቢው ሁሉ ቆሞ ያያታል። መንከባለል ላይ ግን ትፈራለች። ቁጢጥ ብላ እጇን ፍራሹ ላይ ታስቀምጥና፣ ጭንቅላቷ ሊወርድ ሲል ቀና ትላለች። ያን ቀን ክፍሉን የያዙት አንድ አንጋፋ መምህር ነበሩ። ሰልፉ ረዝሟል፤ ደወል ሊደወል ነው። «ምን ያስፈራሻል!» ብለው ከኋላ ገፏት። ክንዷ ታጠፈ። አናቷ ተተከለና የሰውነቷ ክብደት በሙሉ አንገቷ ላይ ወረደ። አላለቀሰችም። ቁጭ ብላ አንገቷን በሁለት እጇ ይዛ፣ ዓይኗን ብቻ እያዞረች ታየን ነበር።

እናቷ መጥተው ወጌሻ ጋ ወሰዷት። እግዚአብሔር ይመስገን፣ ዳነች። ከዚያ ወዲህ ግን የስፖርት ክፍለ ጊዜ ሲደርስ ዛፍ ሥር ትቀመጣለች። በእረፍት የምትሽከረከረውንም ተወችው። እስከ ዛሬ የሚቆጨኝ እሱ ነው። መምህሩ ክፉ ሰው አልነበሩም፤ ከኪሳቸው ኳስ ገዝተው የሚያመጡ ሰው ናቸው። ደወሉ ነው ያስቸኮላቸው።

ወጌሻ ካነሳሁ አይቀር፦ አንገት አይታሽም። ልጁ ወድቆ አንገቴን ካለ፣ ወይም እጄ ደነዘዘ ካለ፣ አታንሱት። ጭንቅላቱ ሳይነቃነቅ እንደተኛ ሐኪም ይድረስለት።

የዚያች ልጅ ፍርሃት ትክክል ነበር። ክንዷ ቀጥ ብሎ ቢሸከማትም፣ እየታጠፈ ክብደቷን ቀስ አድርጎ ለማውረድ ገና አልደረሰም። እኔ ኋላ ላይ ከመጨረሻው ጀምሬ ማስተማር ያዝኩ። ልጁ በጀርባው ተኝቶ፣ ጉልበቱን አቅፎ ወዲያና ወዲህ ይወዛወዝ። ከዚያ በእጁ ሳይደገፍ ብድግ ይበል። ያን ጊዜ ግማሹን ችሏል። «አገጭህን እጠፍ» እያላችሁ ከምትጮሁበት፣ ካልሲ ጠቅልላችሁ በአገጩና በደረቱ መሃል አስይዙት። ካልሲው ሳይወድቅ መነሳት ነው ሥራው።

ቀጥሎ ሳንቃ በአንድ በኩል ከፍ አድርጋችሁ ፍራሽ አልብሱት፤ ቁልቁለቱ ያግዘዋል። ዳሌው ከፍ ካለ የጭንቅላቱ የኋላ ክፍል ፍራሹን ዳሰስ አድርጎ ያልፋል፤ የሚያርፈው በትከሻውና በላይኛው ጀርባው ነው። እናንተ ከጎኑ ተንበርከኩ። አንድ እጃችሁ ማጅራቱን ይደግፍ፣ ሌላው ታፋው ሥር ገብቶ ዳሌውን ያንሳ። ፍራሹ በጣም የሚሰምጥ አይሁን፤ ጭንቅላቱን ይይዝበታል። ዳውን ሲንድረም ያለበት ልጅ ከሆነ ደግሞ የአንገቱ መገጣጠሚያ ልል ሊሆን ስለሚችል፣ ሐኪም ሳያየው ፈጽሞ አታንከባልሉት።

የዘንድሮ ልጅ ትዕግስት የለውም። ቲክቶክ ላይ ያየውን መገለባበጥ ማታውኑ ኮብልስቶን ላይ ይሞክረዋል። በጥምቀት ፋሲለደስ መዋኛ ዳር ቆሜ፣ ከግንቡ እየተገለባበጡ ውሃው ውስጥ የሚገቡትን ሳይ ደስም ይለኛል፣ ልቤም ይንጠለጠላል። ደግሞ እውነቱን ለመናገር፣ እኛ በእናንተ ዕድሜ አንጋፋ መምህርን እንዲህ ደውሎ መጠየቅ አናስበውም ነበር። በዚህ በዚህ ትበልጡናላችሁ።

አንተ የአዘዞው፣ ልጁን ለጊዜው ከሰልፉ አውጣው። ሌሎቹ ሲንከባለሉ እሱ ጥግ ይዞ ከነካልሲው ይወዛወዝ። ውጤት ስትሞላም ውዝዋዜውን ቁጠርለት።