መልስ፦ ከኮምቦልቻው ቆሻሻ መጣያ በታች ያየኸው ዝቅተኛ ሬዚስቲቪቲ ፍሳሽ ነው ወይስ ሸክላ?

ሬዚስቲቪቲን (መሬቱ ኤሌክትሪክ እንዳያልፍ የሚከላከልበትን መጠን) በለካህበት በዚያ አንድ የኤሌክትሮድ መስመር ብቻ መለየት አትችልም። ከ10 ኦም ሜትር በታች ያነበበው ቦታ የቆሻሻ ፍሳሽም፣ ውሃ የጠገበ ሸክላም ሊሆን ይችላል። ሁለቱም ኤሌክትሪክ በደንብ ያስተላልፋሉ። ኮምቦልቻ ያለችበት የቦርከና ሜዳ ደግሞ ሸክላ አያጣም።

1. ያንኑ መስመር፣ በዚያው የኤሌክትሮድ ርቀት፣ ከመጣያው ሽቅብ ባለው ንጹህ መሬት ላይ ድገመው። እዚያም ያው ቁጥር ከመጣ መጀመሪያ ሸክላውን ጠርጥር።

2. በዙሪያው ካሉ የእጅ ጉድጓዶችና ምንጮች ውሃ ቅዳና ኮንዳክቲቪቲውን (ኤሌክትሪክ የማስተላለፍ አቅሙን) እና ክሎራይዱን አስለካ። ክሎራይድ አፈር ላይ ብዙም ስለማይያዝ ከውሃው ጋር ሩቅ ይሄዳል። ከመጣያው በታች ሁለቱም ከፍ ካሉ፣ ከላይ ግን ዝቅ ካሉ፣ ጥርጣሬህ ልክ ነው ማለት ይቻላል። የሽንት ቤት ጉድጓድም ክሎራይድ ይጨምራል፤ አጠገቡ ካለ መዝግበው።

መሣሪያህ አይፒ (ኤሌክትሪኩ ከተቋረጠ በኋላ መሬቱ ለአጭር ጊዜ የሚይዘውን ቻርጅ) የሚለካ ከሆነ አብረህ ውሰደው። ያግዛል፤ ብቻውን ግን አይፈርድም።

አንድ ነገር ተጠንቀቅ፦ የግንቦቱን ልኬት ከነሐሴው ጋር አታወዳድር። አፈሩ ሲርስ ቁጥሩ በራሱ ይወርዳል። የሁለት ወቅት ምስል ጎን ለጎን አስቀምጠው «ብክለቱ ተስፋፋ» የሚሉ ሪፖርቶች ገጥመውኛል፤ የተስፋፋው ዝናቡ ነበር።