የጎበድራ ድንጋይና ያልሄድሁባቸው እሑዶች

ባለፈው ሰሞን አንዲት የሲቪል ምህንድስና ተማሪ በስልኳ ያየችውን ቪዲዮ ላከችልኝና፣ «ጋሼ፣ የአክሱምን ሐውልቶች በእርግጥ ሰው ነው ያቆማቸው? ከሌላ ዓለም የመጡ ፍጡራን ናቸው የሚሉት ሰዎች አሳማኝ ነገር ይናገራሉ» ስትል ጠየቀችኝ። በሁለት መስመር ልመልስላት ጀምሬ ነበር፤ ነገር ግን ጥያቄዋ ከሃምሳ ዓመት በላይ በውስጤ የኖረ ጸጸት ስለቀሰቀሰብኝ፣ ለእርሷም ለእኩዮቿም ዘርዘር አድርጌ ለመጻፍ ወሰንሁ።

ዘመኑ 1965 ዓ.ም. ነበር። ከዩኒቨርሲቲ በወጣሁ በዓመቱ በአክሱም አቅራቢያ ለሚሠራ ትምህርት ቤት ተቆጣጣሪ መሃንዲስ ሆኜ ተመደብሁ። ከሠራተኞቹ መካከል ሁላችንም «አቦይ» እያልን የምንጠራቸው አንድ አረጋዊ ድንጋይ ጠራቢ ነበሩ። አንድ ቀን በምሳ ሰዓት ወሬው ወደ ወደቀው ታላቅ ሐውልት ዞረ። ርዝመቱ 33 ሜትር፣ ክብደቱም 520 ቶን ገደማ መሆኑን አውቅ ነበርና ስላይድ ሩሌን፣ ማለትም በዚያ ዘመን መሃንዲሶች የሚያሰሉበትን ተንሸራታች ማስመሪያ፣ አውጥቼ አሰላሁ። አንድ ሰው 25 ኪሎ ቢሸከም 20,800 ሰው ያስፈልጋል፤ ያን ያህል ሰው ደግሞ በአንድ ድንጋይ ዙሪያ የሚቆምበት ቦታ አያገኝም። ስለዚህ «ይህ የሰው ሥራ ሊሆን አይችልም» ብዬ ፈረድሁ። ሠራተኞቹ በአድናቆት ተመለከቱኝ፣ እኔም ደስ አለኝ። አቦይ ብቻ ቀና ብለው፣ «ልጄ፣ ማን ተሸከሙት አለህ?» አሉኝ።

መልስ አልሰጠኋቸውም። ከሰዓት በኋላ ግን ለመሠረት ወደሚፈለጠው ትልቅ ድንጋይ ጠሩኝ። በጀርባው ላይ በከሰል ቀጥ ያለ መስመር አሰመሩ፤ በመስመሩ ላይ በመሮ ትንንሽ ጉድጓዶችን በተርታ ቆፈሩ፤ በየጉድጓዱም የብረት ሽብልቅ አስገቡ። በኃይል ይመቱታል ብዬ ስጠብቅ፣ ከአንዱ ጫፍ እስከ ሌላው እያንዳንዱን ሽብልቅ አንድ አንድ ጊዜ ብቻ፣ ያውም በቀስታ፣ እየመቱ ሄዱ። ተመልሰው ደግሞ እንደዚያው አደረጉ። በየመሐሉ ጎንበስ ብለው ጆሮአቸውን ወደ ድንጋዩ ያስጠጋሉ፤ ድምፁ ሲለወጥ ይሰማቸዋል፣ እኔ ግን ምንም ልዩነት አልሰማሁም። በመጨረሻ መዶሻውን አስቀመጡና «አሁን እርሱ ይሥራ» ብለው ጥላ ሥር ተቀመጡ። ቡናው ሁለተኛው ሳይደርስ ድንጋዩ ከላይ እስከ ታች እንደ ሳንቃ ቀጥ ብሎ ተከፈለ።

ያን ዕለት፣ «እሑድ ከቅዳሴ በኋላ የጥንቶቹ ድንጋይ ይፈልጡበት ወደነበረው ወደ ጎበድራ ልውሰድህ፤ የጥንቶቹን መስመር አሳይሃለሁ» አሉኝ። ሪፖርት የምጽፍ መሆኑን ነገርኋቸው። በሚቀጥለው እሑድ ጠየቁኝ፤ በሚቀጥለውም። ድንጋዩን የሚያዳምጡት ምን ለመስማት እንደሆነ እንኳ አልጠየቅኋቸውም። ክረምቱ ሲገባ ወደ ሌላ ሥራ ተዛወርሁ።

ከአክሱም በስተምዕራብ 4 ኪሎ ሜትር ያህል ወደሚርቀው ጎበድራ የሄድሁት በ1986 ዓ.ም. ነው። በዐለቱ ላይ የሽብልቅ ጉድጓዶች ዛሬም በተርታ ይታያሉ፤ ተጀምረው የተተዉ መስመሮችም አሉ። ጣቴን ከአንዱ ጉድጓድ ውስጥ አስገብቼ ብዙ ቆየሁ። የሃያ ዓመት የመሃንዲስነት ልምድ ይዤ ስሕተቴ ምን እንደነበር የገባኝ እዚያ ነው። የጥንቶቹ ድንጋዩን አልተሸከሙትም፤ ጎተቱት እንጂ። ተማሪዬ ሆይ፣ እስኪ አብረን እናስላ። ወደ ሮም ተወስዶ የተመለሰው ሐውልት 160 ቶን ገደማ ይመዝናል። በእንጨት መንሸራተቻ ላይ በሜዳ ቢጎተት፣ ሰበቃው (መሬቱ ጉተታውን የሚቋቋምበት ኃይል) የክብደቱ አንድ አራተኛ ቢሆን፣ የሚያስፈልገው የ40 ቶን ጉተታ ነው፤ አንድ ሰው በገመድ 30 ኪሎ ቢስብ 1,300 ያህል ሰው ይበቃል። ይህ ለአንድ ንጉሥ የማይቻል ቁጥር አይደለም። የ20,800ው ሒሳቤ በቁጥር ትክክል ነበር፤ የተሳሳተው ጥያቄው ነው።

ድንጋዮቹን ራሳቸውን ደግሞ ቀርባችሁ እዩአቸው። በሐውልቶቹ ላይ የተቀረጹት የዘመኑ ፎቆች ናቸው፦ በርና መስኮት፣ ከግድግዳው ወጣ ወጣ ያሉ የአግዳሚ እንጨት ጫፎች፣ በበሩ ላይም መዝጊያው ሳይቀር። እንዲህ ያለውን የእንጨትና የድንጋይ አሠራር በደብረ ዳሞ ቤተ ክርስቲያን ታገኙታላችሁ። ከከዋክብት የመጣ እንግዳ የአክሱምን አናጢ ሥራ በድንጋይ ላይ ለመገልበጥ የሚደክምበት ምክንያት አይታየኝም። ታላቁ ሐውልት የወደቀው ደግሞ ሲቆም ወይም ከቆመ ብዙም ሳይቆይ እንደሆነ ተመራማሪዎች ይገምታሉ፤ ከርዝመቱ አንጻር በመሬት ውስጥ የሚቀበረው ክፍሉ አጭር ነበር። ሕንጻ ሲሰነጠቅ አይቼ ሌሊቱን እንቅልፍ ያጣሁ ሰው በመሆኔ፣ ያን ዕለት በአክሱም የነበረውን መሃንዲስ እንደ ሥራ ባልደረባዬ አስበዋለሁ።

የዛሬ ወጣቶች ለማመን ትቸኩላላችሁ፤ የአንድ ደቂቃ ቪዲዮ የአንድን ሺህ ዓመት ድካም ሲያጠፋ ዝም ብላችሁ ትመለከታላችሁ። ይህን ስል እኔ ስልክ ሳይኖረኝ በስላይድ ሩል ያንኑ ማድረጌን አልዘነጋሁም። ቢሆንም የሚያስቆጣኝ፣ ጥርጣሬው አብዝቶ የሚወርደው በአፍሪካውያን እጅ ላይ መሆኑ ነው። ታላቋ ዚምባብዌ የተባለችውን ጥንታዊ የድንጋይ ከተማ አፍሪካውያን አልሠሯትም ብለው ቅኝ ገዢዎች ለብዙ አሥርት ዓመታት ሲከራከሩ ኖረዋል። በግብፅ በ2013 እ.ኤ.አ. በቀይ ባሕር ዳርቻ በዋዲ አል ጃርፍ የተገኙት ፓፒረሶች (በጥንት የደንገል ወረቀት ላይ የተጻፉ መዝገቦች) ግን መረር የተባለ አለቃ 40 ያህል ሰዎችን ይዞ ለኩፉ ፒራሚድ ከቱራ ወደ ጊዛ በጀልባ ድንጋይ ሲያመላልስ የዋለባቸውን ቀናት መዝግበዋል።

«አባቶቻችንስ ላሊበላን መላእክት ረዱ ይሉ የለም ወይ?» ትሉኝ ይሆናል። ረዱ ነው የሚሉት። በትውፊቱ ቀን ቀን የሚወቅረው ሰው ነው፤ መላእክቱ ሰውን ከሥራው አላባረሩትም። «ሐውልት ለማቆም ዛሬም ቢሆን በዘመናዊ መሣሪያ ተቸግረናል» የሚለውንም ሰምቻለሁ። የሮሙ ሐውልት በ1997 ዓ.ም. በሦስት ተከፍሎ በአውሮፕላን ተመልሶ ዳግም ቆሞ የተመረቀው ነሐሴ 29 ቀን 2000 ዓ.ም. ነው። ያ ሁሉ ጥንቃቄ ያስፈለገው ቅርሱ እንዳይጎዳና በሥሩ ያሉት የጥንት መቃብሮች እንዳይነኩ ነበር።

በ1986ቱ ጉዞዬ ከጎበድራ ስመለስ የአቦይን ቤት አጠያይቄ አገኘሁት። እርሳቸው ካረፉ ቆይተዋል። ልጃቸው ሾፌር ሆኖ ነበር፤ አባቱ ድንጋዩ ውስጥ ምን ይሰሙ እንደነበር ጠየቅሁት። ጎንበስ ብለው ጆሮአቸውን ሲያስጠጉ ብዙ ጊዜ ማየቱን፣ ምን እንደሚሰሙ ግን እርሱም ጠይቋቸው እንደማያውቅ ነገረኝ።