እንጨት ሲነድ የምድጃው መስታወት ለምን ይጠቁራል? (መልስ)

በድንጋይ ከሰልም በእንጨትም የሚሠራው ምድጃዎ በእንጨት ሲነድ የበሩ መስታወት የሚጠቁረውና ማገዶው ቶሎ የሚያልቀው፣ ከገለጻዎ እንደተረዳሁት፣ ለሁለቱም ማገዶ አየር የሚያስገቡት ከታች ብቻ ስለሆነ ነው። የድንጋይ ከሰል አየር የሚፈልገው ከሥሩ በፍርግርጉ በኩል ሲሆን፣ እንጨት ግን በራሱ አመድ ላይ ተኝቶ ከላይ በሚገባ አየር ነው በደንብ የሚነደው።

1. እንጨት ሲያነዱ በፍርግርጉ ላይ ሁለት ሴንቲ ሜትር ያህል አመድ ይተዉ፤ እሳቱ ከተያያዘ በኋላም የታችኛውን አየር ዘግተው በላይኛው ይቆጣጠሩ።
2. ከሰል ሲያነዱ ግን አመዱን አራግፈው የታችኛውን ይክፈቱ። የአመድ መቀበያው ሞልቶ ከተተወ ፍርግርጉ ከሥሩ የሚያቀዘቅዘው አየር ስለሚያጣ በሙቀት ይጣመማል።

ይህን አድርገው መስታወቱ አሁንም ከጠቆረ ጥፋቱ አብዛኛውን ጊዜ የምድጃው ሳይሆን የእንጨቱ ነው። አንዱን ፈልጠው የውስጡን እርጥበት በመለኪያ ይዩ፤ ከ20 በመቶ በላይ ከሆነ ገና አልደረቀም። ሻጭ «ደረቅ ነው» ማለቱን ብቻ አይመኑ።

አንድ ነገር ግን ይጠንቀቁ። እኔ እሳቱ እስኪነጋ እንዲቆይልኝ እርጥብ ግንድ ከከሰል ጋር ቀላቅዬ፣ አየሩንም ዘግቼ አድር ነበር፤ በአንድ ክረምት ውስጥ የጭስ ማውጫው በቅጥራን ተለበጠ። ቅጥራኑ እሳት ሊያስነሳ የሚችል ከመሆኑም በላይ፣ የእንጨቱ እርጥበት ከከሰሉ ድኝ ጋር ሲገናኝ ብረቱን የሚበላ አሲድ ይፈጥራል። የታፈነ እሳት ሽታ የሌለውን ካርቦን ሞኖክሳይድ ስለሚያመነጭም፣ ምድጃው ባለበት ክፍል የጋዙን ማስጠንቀቂያ ደወል ሳይገጥሙ አያንድዱ።