«ለዚህ አገልግሎት አልበቃም»

ጥያቄ፦ የጎንደር ከተማ፣ የአዘዞ ነዋሪ ነኝ። በደብራችን ሰንበት ትምህርት ቤት ሕፃናትን እንዳስተምር ከተመደብሁ ሁለት ወር ቢሆነኝም፣ በፊታቸው ስቆም ድምፄ ይንቀጠቀጣል፤ ዕውቀቴም ከእኩዮቼ ያነሰ ነው። «እግዚአብሔር ያበረታሻል» ይሉኛል፤ ነገር ግን ቦታውን ለሚችል ሰው ብለቅ አይሻልም?

መልስ፦ እኅታችን፣ ጥያቄዎ ከትሕትና የመነጨ መሆኑን እናምናለን፤ ሆኖም መልቀቅዎን አንመክርም። በኦሪት ዘጸአት ምዕራፍ 4 ሙሴ አንደበቱ ኰልታፋ መሆኑን ገልጾ ሌላ ሰው እንዲላክ በለመነ ጊዜ፣ እግዚአብሔር ድካም የለብህም አላለውም፤ ኰልታፋነቱንም እንዳስወገደለት አልተጻፈም። ከአፉ ጋር እንደሚሆን ተስፋ ሰጠው፤ ወንድሙን አሮንንም አጠገቡ አቆመለት። ይህን ደጋግመው እንዲያስቡት እንወዳለን፤ ምክንያቱም ብዙዎቻችን የእግዚአብሔርን ኃይል የምንጠብቀው ፍርሃታችን ፈጽሞ ሲጠፋ ብቻ ነው። ቅዱስ ጳውሎስም የሥጋው መውጊያ እንዲወገድለት ሦስት ጊዜ ለምኖ ያገኘው መልስ «ጸጋዬ ይበቃሃል» የሚል ነበር (2ኛ ቆሮንቶስ 12፥9)።

በእግዚአብሔር መታመን ግን ዝግጅትን አያስቀርም። በከተማችን በበአታ ቤተ ክርስቲያን አቋቋም (በመቋሚያ፣ በጽናጽልና በከበሮ የሚቀርበውን ዜማ) የሚማሩ ደቀ መዛሙርት በጸሎት እየተጉ ያንኑ ዜማ ለዓመታት ይደጋግማሉ። እርስዎም ትምህርቱን ቅዳሜ ማታ ድምፅዎን ከፍ አድርገው ያንብቡ፤ ያልገባዎትን መምህራንን ይጠይቁ፤ ጭንቀትዎንም ለንስሐ አባትዎ ያዋዩ። ሙሴም ወደ ፈርዖን ብቻውን አልገባምና፣ ለመጪዎቹ ጥቂት እሑዶች ከእኩዮችዎ አንዷ አብራዎት እንድትቆም የሰንበት ትምህርት ቤቱን ኃላፊ ይለምኑ።